አር ቪው ስቶሬጅ ሲከርም ባትሪው እንዳይሞት

በማርች 2023 አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኦሮራ ኮሎራዶ ወጣ ብሎ ወዳለው የአር ቪ፣ ማለትም ለጉዞ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ማቆሚያ ሄድኩ። ተሳቢ ቤቴን ከኦክቶበር ወዲህ አላየሁትም ነበር። ፒክአፔን አስጠጋሁና የተሳቢውን አፍንጫ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የኤሌክትሪክ ክሪክ ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ትር እንኳ አላለም። በእጅ የሚያዞሩበት ብረት ደግሞ ያለው ቤት፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። የባትሪውን ሳጥን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ባትሪው ግራና ቀኙ አብጧል፤ አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል።

ያየው ሁሉ «ብርዱ ነው» አለኝ። አሳማኝ ነበር። በዚያው ዊንተር፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2022፣ ዴንቨር አየር ማረፊያ ላይ ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ተመዝግቧል፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 ማለት ነው። ግን ከእኔ ሁለት ቦታ አልፎ የሚያቆም ሰው ያንኑ ዓይነት ባትሪ ነበረው። ያንኑ ብርድ አሳልፎ የሱ ደህና ነው። የሱ ሙሉ ሆኖ ከረመ፣ የእኔ ባዶ ሆኖ። ባትሪዬን የገደለው ረሃብ ነው፤ ብርዱ የመጣው ለቀብር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሰልፈሪክ አሲድና የውሃ ድብልቅ ነው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን አሲዱ ፈሳሹ ውስጥ ስላለ፣ ከዜሮ በታች 50 ሴልሺየስ እንኳ በረዶ አይሆንም። ባትሪው ሲወርድ ግን አሲዱ ወደ እርሳሱ ሳህኖች ይገባል። የሚቀረው ወደ ውሃ የተጠጋ ነገር ነው። እሱ ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ይረጋል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ሳጥኑን ይሰነጥቃል። በረዶ ባይኖር እንኳ፣ ባዶ የተቀመጠ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት እየጠነከረ ሄዶ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም አይለቅም። ለዚህ ነው «ስፕሪንግ ሲመጣ ቻርጅ አደርገዋለሁ» የሚባለው ነገር የማይሠራው።

መጀመሪያ፣ የትኛው ባትሪ?

ሞተር ያለው አር ቪ ቢያንስ ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር ማስነሻ ነው። ሌላው፣ አንዳንዴ ሁለት ወይም አራት ሆኖ፣ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የማሞቂያውን ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የቤቱ ባትሪ ነው። ተሳቢ ከሆነ የቤቱ ብቻ ነው ያለው። የዛሬው ወሬያችን ስለ ቤቱ ባትሪ ነው። ሞተር ያላቸው ሰዎች ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ። አር ቪውን ግድግዳ ሶኬት ላይ ስትሰኩት ብዙ ጊዜ ቻርጅ የሚሆነው የቤቱ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ዕቃ ካልተገጠመ የሞተሩ ባትሪ ጎኑ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞታል። ሰክታችሁ በማግስቱ ሁለቱንም በመልቲሜትር፣ ማለትም ቮልትና አምፒር በሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ ለኩ። የሞተሩ ከ13 ቮልት በላይ ካላሳየ የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ዓይነቱን ለዩ። ላዩ ላይ የሚከፈት ክዳን ካለው ውሃ የሚጨመርበት የድሮው ዓይነት ነው። ዝግ ሆኖ «ኤ ጂ ኤም» የሚል ከተጻፈበት እሱም የእርሳስ ነው፣ ግን ውሃ አይፈልግም፣ ሲቀመጥም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሊቲየም ከሆነ ሕጉ ሌላ ስለሆነ ታች ለብቻው ጽፌዋለሁ። ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ ጋሪ ባትሪ ተቀጣጥሎ ካገኛችሁ አትደንግጡ። ሁለቱ ተደምረው 12 ቮልት ናቸው።

ሁለተኛ፣ ማን ነው የሚበላው?

«ሁሉንም አጥፍቼ ነው የሄድኩት» ትላላችሁ። እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው። መብራቱን አጥፍቻለሁ፣ ፍሪጁን አጥፍቻለሁ። ግን የጋዝ አላርሙ ማጥፊያ የለውም፤ ሌት ተቀን ይሠራል። ሬዲዮው ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን ለማስታወስ ትንሽ ይስባል። የፍሪጁ ሰሌዳም፣ የቲቪ አንቴና ማጉያውም እንዲሁ። የባትሪውን ኃይል ወደ ግድግዳ ሶኬት ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ካላችሁና ተጠባባቂ ላይ ከተዋችሁት ደግሞ እሱ ዋናው በላተኛ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። የጋዝ አላርም ብቻ 0.1 አምፒር ቢስብ፣ በ24 ሰዓት 2.4 አምፒር-ሰዓት ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ሳምንት ግማሽ ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ 0.3 አምፒር ከሆነ በቀን 7.2 ነው። ባትሪው በሳምንት ግማሽ ይሆናል፣ በሁለት ሳምንት ባዶ። እኔ ኦክቶበር ላይ አቁሜ ማርች ላይ መጣሁ። ባትሪዬ ሃሎዊንን እንኳ በደንብ አላየም ማለት ነው።

የእናንተን ለማወቅ የ20 ዶላር መልቲሜትር ይበቃል። ሁሉን አጥፉ። ኔጌቲቩን ገመድ ከባትሪው ንቀሉ። የመልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፒር በሚለው ቀዳዳ ሰኩ፣ መምረጫውን ወደ ዲሲ አምፒር አዙሩ። አንዱን ጫፍ የተነቀለው ገመድ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። የሚታየው ቁጥር ሳታውቁ የምትከፍሉት ኪራይ ነው። በዚህ መሃል ማንም ሰው መብራት እንዳያበራ፣ ክሪክም እንዳይነካ። የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል። የእኔን ሁለት ጊዜ አቃጥያለሁ፤ አንዱ የልጄ ሥራ ነው።

ብዙ አር ቪ በር አጠገብ ባትሪውን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። ግን አትመኑት። በብዙዎቹ ላይ የጋዝ አላርሙ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማጥፊያው አይነካውም። አጥፍታችሁ በመልቲሜትሩ ደግማችሁ ለኩ። ዜሮ ካልሆነ፣ ኔጌቲቩ ገመድ ላይ የሚገጠም በእጅ የሚዞር መቁረጫ ግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ መግጠሙም አሥር ደቂቃ ነው። የጋዝ አላርሙን እንዲህ አድርጋችሁ ስትቆርጡ የጋዝ ሲሊንደሩም መዘጋት አለበት። ማንም አር ቪው ውስጥ አይተኛም፣ ጋዝም አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ ሞልታችሁ አሳድሩት

ከመቆሙ በፊት ባትሪው እስከ አፉ ይሙላ። ከጉዞ ስትመለሱ መኪናው በመንገድ ላይ ቻርጅ አድርጎታል ብላችሁ አትተዉት። ለሁለት ሰዓት መንገድ በቀጭን ሽቦ የሚመጣው ብዙም አይደለም። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሶኬት ላይ ይዋል ይደር።

ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ ክዳኑን ክፈቱ። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ አሲድ ቀልድ አያውቅም። ሳህኖቹ ከውሃው በላይ ወጥተው ከታዩ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ጨምሩና ቻርጅ አድርጉ። ቀሪውን የምትሞሉት ቻርጁ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድማችሁ እስከ አፉ ከሞላችሁት ሲሞቅ ሰፍቶ አሲዱ ይፈስሳል። ውሃው ዲስቲልድ የሚባለው፣ ከግሮሰሪ በጋሎን የሚሸጠው ብቻ ይሁን። የቧንቧ ውሃም፣ ለመጠጥ የታሸገውም ማዕድን ስላለው አይሆንም።

ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጡና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አጽዱ። አረፋ ያወጣል፣ ያ ጤናማ ነው። ድብልቁ ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ግን ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ። አድርቃችሁ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡ።

አራተኛ፣ መንገዳችሁን ምረጡ

እዚህ ላይ ሁሉም የሚወሰነው አር ቪው የት እንደቆመ ነው።

ቤታችሁ ግቢ ውስጥ የምታቆሙና ሶኬት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አር ቪው ባለ 30 አምፒር መሰኪያ ካለው ወደ ተራው ባለ 15 አምፒር ሶኬት የሚቀይር አዳፕተር ይበቃል። ኤክስቴንሽኑ ግን ወፍራም፣ የውጭ የሚባለው ይሁን። ለገና መብራት የተገዛውን ቀጭን ገመድ አትጠቀሙ። ከሰካችሁ በኋላ ማሞቂያና ማይክሮዌቭ አታብሩ፤ ለባትሪው ብቻ ነው።

ጥያቄው ያለው አር ቪው ውስጥ ባለው ኮንቨርተር፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ቀይሮ ባትሪውን ቻርጅ በሚያደርገው ዕቃ ላይ ነው። አዲሶቹ አስተዋዮች ናቸው። መጀመሪያ እስከ 14.4 ቮልት ይሰጣሉ፣ ሲሞላ ወደ 13.6 ይወርዳሉ፣ ለቀናት ማንም ካልነካው ወደ 13.2 ዝቅ ይላሉ። አሮጌዎቹ ይኼ ዕውቀት የላቸውም። ወራት ሙሉ በአንድ ቮልቴጅ እየገፉ ውሃውን ያደርቁታል። አምስት ቀን ሰክታችሁ ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ። 13.2 አካባቢ ካገኛችሁ እሰየው። 13.6 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ውሃውን በየወሩ ማየት አለባችሁ። ወይም ኮንቨርተሩን ትታችሁ ትንሽ ባትሪ ሜንተይነር፣ ማለትም የሞላን ባትሪ ሙሉ አድርጎ የሚያቆይ ቻርጀር፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ ግጠሙ። እኔ ይኼን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሜንተይነር ስትገዙ «ሙሉ ሲሆን ራሱ ዝቅ ይላል» የሚለውን አረጋግጡ። ርካሹ፣ ዝም ብሎ የሚያንጠባጥበው ዓይነት፣ በሦስት ወር ውስጥ ባትሪውን ያፈላዋል። አንድ አምፒር የሚሰጥ ሜንተይነር ደግሞ ሙሉውን ሙሉ አድርጎ ይጠብቃል እንጂ ባዶውን አይሞላም። ግማሽ የሆነ ባለ 100 ባትሪ ላይ ብትሰኩት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ብዙዎቻችን ግን እንዲህ ዓይነት ግቢ የለንም። የሰፈሩ ማኅበር አር ቪ ደጅ ላይ አይፈቅድም፣ ወይም አፓርትመንት ነው የምንኖረው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ፣ አጥር እንጂ ሶኬት የሌለው ቦታ እንከራያለን። ለዚህ ሁለት ምርጫ አለ፤ ሶላር ወይም ባትሪውን ይዞ ወደ ቤት።

ሶላር በደንብ ከተገጠመ ይሠራል። 20 ዋት ፓኔል በዊንተር በቀን ሦስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 3 አምፒር-ሰዓት ያህል ያመጣል። የጋዝ አላርሙን ቀለብ ይችላል፣ ብዙም ትርፍ የለውም። 50 ዋት ቢሆን እንቅልፍ ይሰጣል። ሦስት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ በፓኔሉና በባትሪው መሃል ቻርጁን የሚቆጣጠር ኮንትሮለር ይኑር፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ። ስትገጥሙ ኮንትሮለሩን መጀመሪያ ከባትሪው ጋር አገናኙ፣ ፓኔሉን በመጨረሻ። ስትነቅሉ ተገላቢጦሹ ነው። ሁለተኛ፣ ጣሪያው ላይ ተኝቶ የተገጠመ ፓኔል በረዶ ከጣለበት ጨርቅ እንደተከደነ ነው። ዳገት ብታደርጉት በረዶው ይንሸራተታል። ጣሪያ ያለው ስቶሬጅ ከሆነ ደግሞ እርሱት። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በሩ አጠገብ ያለው ማጥፊያ ሶላሩንም አብሮ ሊቆርጠው ይችላል። ሰውየው አጥፍቶ ይሄዳል፣ ፓኔሉ ፀሐይ ይሞቃል፣ ባትሪው ይራባል። ማጥፊያውን አጥፍታችሁ እኩለ ቀን ላይ ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ። ከ13 በላይ ካሳየ እየበላ ነው።

ዴንቨር በዊንተርም ፀሐይ አለ፣ ስለዚህ እዚህ ሶላር ያዋጣል። ሲያትል ላላችሁ ግን በኖቬምበርና በዲሴምበር ደመና ላይ ተማምናችሁ እንዳትቀሩ።

እኔ የምመክረው አውልቃችሁ ወደ ቤት ውሰዱት ነው። ወጪ የለውም፣ ማንም አይሰርቀውም። ሜዳ ላይ ባትሪ የሚሰርቅ ሌባ አለ።

አወላለቁ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉን አጥፉ፣ ሶኬት ካለ ንቀሉ። የሽቦዎቹን ፎቶ በስልክ አንሱ፤ ከላይም፣ ከጎንም። በተለይ ሁለት ባትሪ ካለ አምስት ወር በኋላ የትኛው ከየት እንደነበር አታስታውሱም። ፖዘቲቭ ገመዶቹ ላይ ቀይ ቴፕ ጠቅልሉ። የገመዱን ቀለም አትመኑ። በአር ቪ ላይ ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍቱ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የተሳቢውን ብረት ከነካ ብልጭታው አይጣል ነው። ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ቁልፉ ብረት ቢነካም ምንም አይሆንም። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ።

አንዱ ባትሪ 20 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ የጎልፍ ጋሪው ወደ 28 ይደርሳል። በጉልበታችሁ እንጂ በወገባችሁ አታንሱት። መኪና ውስጥ ቀጥ ብሎ፣ ፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ።

ቤት ስትደርሱ የት ታስቀምጡታላችሁ? ቀዝቃዛ ጋራዥ ጥሩ ነው፤ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ራሱን የሚበላው በዝግታ ነው። በየ10 ሴልሺየሱ ሙቀት ሲጨምር የሚወርድበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፊኒክስና ላስ ቬጋስ ያላችሁ ወገኖች ጠላታችሁ በረዶ ሳይሆን ጁላይ የሆነው ለዚህ ነው። ውሃ የሚጨመርበትን ዓይነት ግን መኝታ ቤት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ። ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ አየር ውስጥ 4 ከመቶ ከደረሰ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። አየር የሚገባበት፣ ዕጣን የማይጨስበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ፈልጉ።

ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ባትሪ ይወርዳል የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ከአገር ቤት ጋራዥ እስከ አሜሪካ ድረስ ሁሉም ሽማግሌ መካኒክ ይምላል። የድሮዎቹ ባትሪዎች ሳጥናቸው ከእንጨትና ከጎማ በነበረበት ዘመን እውነትነት ነበረው። የዛሬው ፕላስቲክ ሲሚንቶ አይፈራም። እኔ ግን ጣውላ አደርግበታለሁ፤ አባቴ ቢያየኝ እንዳይቆጣ።

በየወሩ አንድ ጊዜ

ከቻርጀር ነቅላችሁ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ አዳሩን ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ለኩ። 12.6 እና 12.7 ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ እዚህ ላይ ቻርጅ አድርጉ። 12.2 ግማሽ ነው፣ ዘግይታችኋል። 12.0 ከሆነ ሩብ ነው፤ ዛሬ ማታውኑ ሰኩት። ቻርጀሩ ላይ እያለ የሚታየው ቁጥር አያታልላችሁ፤ እሱ የቻርጀሩ ነው።

ወደ በረዶነት የተለወጠ ባትሪ ካገኛችሁ በፍጹም ቻርጅ አታድርጉ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሞቅ ያለ ቦታ ቀልጦ ይደር። ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ አበቃለት። የመኪና ዕቃ ሱቆች አሮጌ ባትሪ ይቀበላሉ። አዲስ ስትገዙ የሚጨምሩባችሁን የአሮጌ ባትሪ መያዣ ገንዘብም ይመልሳሉ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣል ክልክል ነው።

ሊቲየም ያላችሁ

ለናንተ ግማሹን ከላይ የጻፍኩትን እርሱት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ሙሉ ሆኖ መክረም አይፈልግም፣ ወራት ሙሉ ቻርጀር ላይ መዋልም አይወድም። ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ ተዉት። በወር ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው የሚወርደው። ዋናው ክልክል ነገር ከ0 ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ማድረግ ነው። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከለክላል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ሶላር ካለ ፓኔሉን ቁረጡ። በቮልት ልገምት ብትሉም አይሆንም። ከግማሽ እስከ ሙሉ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ 13.2 እና 13.3 አካባቢ እያለ ያሳያችኋል፤ የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር ሞኒተር ያስፈልጋል። የእርሳስ ባትሪ «ማደሻ» የሚል ሞድ ያለውን ቻርጀርም አትስኩበት።

ስፕሪንግ ሲመጣ

አገጣጠሙ የአወላለቁ ተቃራኒ ነው። ፖዘቲቭ መጀመሪያ፣ ኔጌቲቭ በመጨረሻ። ፎቶውን አውጥታችሁ እያያችሁ። ብታዛቡት ኮንቨርተሩ ውስጥ ለዚሁ ብለው ያስቀመጧቸው ሁለት ፊውዞች ይቃጠላሉ። እነሱን ቀይራችሁ ከተረፋችሁ ተመስገን በሉ።

ባትሪ ሳይኖር ተሳቢውን መንገድ ላይ አታውጡ። ተሳቢው ከመኪናው ቢለቅ ፍሬኑን የሚይዘው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከዚያው ባትሪ ነው። «ቤት ድረስ ብቻ ነው» ማለት አይሠራም።

ከዚያ መብራቱን አብሩ፣ የጋዝ አላርሙ አረንጓዴ መሆኑን እዩ፣ የውሃ ፓምፑን ሞክሩ። ጋዙን የምትከፍቱት አላርሙ ከሠራ በኋላ ነው። በመጨረሻ ክሪኩን ተጫኑ። የእኔ ካለፈው ጊዜ ወዲህ በየዓመቱ እያጉረመረመ ይነሣል። በእጅ የሚያዞሩበትን ብረት ግን አሁንም ከፒክአፑ አላወጣሁትም።